ባሕሩ ስንት ዲግሪ ይጨምራል? የባሕር ዳርቻ ቅርበት በብርዱ ወራት ሙቀት ላይ ያለውን ተጽዕኖ የማስላትና የመለካት መመሪያ

የካናዳዋ ሃሊፋክስ በሰሜን ኬክሮስ 44.6 ዲግሪ፣ የፈረንሳይዋ ቦርዶ ደግሞ 44.8 ዲግሪ ላይ ይገኛሉ። የሚደርሳቸው የፀሐይ ብርሃን እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሃሊፋክስ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የተቀመጠች የወደብ ከተማ ናት፤ ቦርዶ ግን ከዚያው ውቅያኖስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ የብሱ ገባ ብላለች። የጃንዋሪ አማካይ ሙቀታቸው ግን ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው፦ ቦርዶ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ሃሊፋክስ ከዜሮ በታች 4 ገደማ።

ስለዚህ ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ እስከ ባሕሩ ያለውን ርቀት መለካት ብቻውን የትም አያደርስም። ከርቀቱ በፊት የሚጠየቀው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ነው፤ ቀጥሎ ባሕሩ ራሱ በዚያ ወር ምን ያህል ሙቀት እንዳለው፣ ከዚያ በኋላ ርቀቱ። ከዚህ በታች ያለው አሠራርም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል። የሚያስፈልጉት የነፋስ መዝገብ፣ የባሕር ገጽ ሙቀት ሰንጠረዥ፣ ከፍታ የሚያሳይ ካርታ እና ሁለት ጥሩ ቴርሞሜትሮች ናቸው። የብርዱ ወራት የምንላቸው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ በደቡቡ ከጁን እስከ ኦገስት ያሉትን ነው፤ ምሳሌዎቹ በሙሉ ከሰሜኑ ናቸው።

ባሕር ለምን ቶሎ አይበርድም

አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። አንድ ሜትር ኩብ አየርን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ግን 1,200 ወይም 1,300 ጁል ይበቃል። ሁለቱ ሲካፈሉ፣ በ1 ዲግሪ የቀዘቀዘ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ3,000 ሜትር ኩብ በላይ አየር በ1 ዲግሪ ያሞቃል ማለት ነው። መሬትም ሙቀት ይይዛል፤ ነገር ግን የቀንና የሌሊቱ ለውጥ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ለሌሊቱ የሚያስቀረው ጥቂት ነው። ባሕሩን ነፋስና ሞገድ ስለሚንጡት በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት ያለው ውሃ አንድ ላይ ነው የሚቀዘቅዘው።

የጨውም ድርሻ አለበት። ጨው የሌለበት ውሃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ነው፤ የሐይቅ ውሃ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው ከላይ ይንሳፈፍና ገጹ ቶሎ በረዶ ይሆናል። በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ያለበት የውቅያኖስ ውሃ ግን በረዶ እስከሚሆንበት እስከ 1.9 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ በቀዘቀዘ ቁጥር እየከበደ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሞቅ ያለው ከሥር እየወጣ ይተካዋል። በተመሳሳይ ርቀት ላይ ያሉ ሐይቅና ውቅያኖስ እኩል አያሞቁም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። የብስ በአብዛኛው በጃንዋሪ ብርዱ ሲጠና፣ ባሕሩ ከሁሉ የሚበርደው በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች ነው። ስለዚህ ዳርቻው ከባሕሩ የሚያገኘው ሙቀት የሚበዛው በብርዱ ወራት የመጀመሪያ ክፍል፣ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ነው። በማርች ልዩነቱ ይሟጠጣል፤ በኤፕሪል ደግሞ ይገለበጥና ዳርቻው ቀን ቀን ከመሃል አገሩ ይቀዘቅዛል። በአንድ ወር ተለክቶ የተገኘን ቁጥር ለሁሉም ወራት መጠቀም ከተለመዱት ስህተቶች አንዱ ነው።

አንደኛ ሥራ፦ ነፋሱን መቁጠር

ከአቅራቢያው የሜትሮሎጂ ጣቢያ የብርዱን ወራት ብቻ የነፋስ መዝገብ ውሰዱ። የሰዓት ወይም የሦስት ሰዓት ንባብ ቢሆን ይመረጣል፣ ቢያንስ የአምስት ዓመት። የዓመቱን አማካይ የነፋስ ሥዕል አትጠቀሙ፤ ብዙ ዳርቻዎች ላይ የበጋውና የብርዱ ነፋስ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚነፍሱ አማካዩ ሁለቱንም ይደብቃል።

መዝገቡ ላይ ያለው የአቅጣጫ ቁጥር ነፋሱ የሚመጣበትን እንጂ የሚሄድበትን አያሳይም፤ 270 ማለት ከምዕራብ የመጣ ነው። ይህን ገልብጦ ያነበበ ሰው ውጤቱ ሁሉ ይገለበጥበታል። ቀጥሎ የዳርቻውን መስመር አቅጣጫ ከካርታው አንብቡ። ባሕሩ በስተ ምዕራብ ሆኖ ዳርቻው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጋ ከሆነ ከ200 እስከ 340 ዲግሪ ያለው የባሕር ነፋስ ነው፤ ከ20 እስከ 160 ያለው የየብስ ነፋስ። የቀረው ከዳርቻው ጎን ለጎን የሚሄድ ነውና ለብቻው ይቆጠር። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ2 ሜትር በታች የሆነውን ደግሞ አቅጣጫው ምንም ይሁን «ጸጥታ» ብላችሁ ለዩት፤ ያን ጊዜ የሚወስነው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው።

የባሕር ነፋሱ ከግማሽ በላይ ከሆነ ባሕሩ በእርግጥ የቦታውን ብርድ ያለዝባል። ከሩብ በታች ከሆነ ግን ውሃው ከደጃፍ ቢሆንም ብዙ አትጠብቁ። ይህ መነሻ ግምት ነው፤ ወሰኑ ቦታው ሲለካ ይታረማል።

የሩሲያ የሩቅ ምሥራቅ ወደብ ቭላዲቮስቶክ ለዚህ ግልጽ ምስክር ናት። በኬክሮስ 43 ዲግሪ፣ በሦስት በኩል በውሃ ተከብባ፣ የጃንዋሪ አማካይዋ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ነው። በብርዱ ወራት ነፋሱ ሳያቋርጥ ማለት ይቻላል ከሳይቤሪያ ከባድ ቀዝቃዛ አየር እየተነሣ ወደ ባሕሩ ይነፍሳል፤ ባሕሩ የሚያሞቀው ከተማዋን አልፎ የሄደውን አየር ነው። በአንጻሩ በኬክሮስ 60 ላይ ያለችው የኖርዌይዋ በርገን ነፋሷ ከውቅያኖስ ስለሚመጣ የጃንዋሪ አማካይዋ ከዜሮ በላይ 2 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በኬክሮስ 62 በሳይቤሪያ መሃል የብስ ያለችው ያኩትስክ ከዜሮ በታች ወደ 37 ትወርዳለች።

የምዕራብ አውሮፓን ለዘብ ያለ ብርድ ብዙ ሰው ለገልፍ ስትሪም፣ በአትላንቲክ ውስጥ ለሚፈሰው የሞቀ ውሃ ጅረት፣ ብቻ ይሰጠዋል። የውቅያኖስ ጅረቱ ድርሻ አለው፤ ግን በካናዳ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለችው ቫንኩቨር ገልፍ ስትሪም ሳይኖራት የጃንዋሪ አማካይዋ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ከምዕራብ፣ ከውቅያኖስ፣ የሚመጣው ነፋስ ነው።

ሁለተኛ ሥራ፦ ባሕሩን ማንበብ

የየወሩን የባሕር ገጽ ሙቀት ከሳተላይት ሰንጠረዥ ወይም ከመለኪያ ተንሳፋፊ ውሰዱ። ረጅም ርቀት በውሃ ላይ የተጓዘ አየር ሙቀቱ ወደ ውሃው ሙቀት ይጠጋል። ባሕሩ 7 ዲግሪ በሆነበትና ነፋሱ በርትቶ ከባሕር በሚነፍስበት ሌሊት ዳርቻው ላይ ውርጭ መጠበቅ አይገባም። ነፋሱ የተሻገረው ውሃ ጠባብ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ 10 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የባሕር ወሽመጥ አየሩን በመጠኑ ነካ አድርጎ ይለቀዋል እንጂ እንደ ውቅያኖስ አይቀይረውም።

ሦስት ነገሮችን በተለይ አጣሩ። ባሕሩ በረዶ ይሆናል ወይ? በረዶ የለበሰ ባሕር፣ ላዩ ላይ አመዳይ (ከደመና የሚወርድ ብናኝ በረዶ) ሲከመርበት ይልቁንም፣ ለአየሩ እንደ የብስ ነው። የሃድሰን ወሽመጥና የባልቲክ ሰሜናዊ ጫፍ የሆነው የቦትኒያ ወሽመጥ በየዓመቱ ይህ ይደርስባቸዋል፤ የቦትኒያ ውሃ ጨው በጣም ያነሰው ስለሆነ ቶሎ ነው የሚረጋው። በረዶው የሚይዝበትን ሳምንት ካወቃችሁ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ለይታችሁ አስሉ፤ በአንድ አማካይ ከተቀላቀሉ ቁጥሩ ለሁለቱም ጊዜ ውሸት ይሆናል። ሁለተኛው ጥልቀት ነው፤ ጥቂት ሜትር ብቻ የሚጠልቅ ውሃ ሙቀቱን በሳምንታት ውስጥ ይጨርሳል። ሦስተኛው የባሕሩ ማዕበል መውጣትና መሸሽ ነው። ረባዳ ዳርቻ ላይ ውሃው ሲሸሽ ኪሎ ሜትሮች የሚሸፍን ጭቃ ይገለጣል፤ ያ ጭቃ ሌሊት እንደ ማንኛውም መሬት ይበርዳል። ካርታው ላይ ያለው የውሃ መስመር የየትኛው ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

ርቀቱና በመካከል ያለው መሬት

ርቀቱን በአጭሩ መንገድ አትለኩት። ከቦታችሁ ተነሥታችሁ የብርዱ ወራት የባሕር ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፈጣችሁ፣ ውሃ እስክትደርሱ ያለው መስመር ነው የሚቆጠረው። ለውጡ ፈጣን የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነው፤ ከዚያ በኋላ ረባዳ አገር ላይ ቀስ በቀስ እያለ መቶ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛል። ተራራ ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ኦስሎና በርገን በቀጥታ መስመር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ ኦስሎም የባሕር ወደብ ናት፤ በመካከላቸው ግን የስካንዲኔቪያ ተራሮች ስለቆሙ የኦስሎ የጃንዋሪ አማካይ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

የጣቢያ መዝገብን ማነጻጸር

አንድ ጣቢያ ከዳርቻው፣ አንድ ከመሃል አገር ምረጡ፤ ኬክሮሳቸው ከአንድ ዲግሪ በላይ ባይለያይ ጥሩ ነው። የ30 ዓመት አማካይ፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው ከ1991 እስከ 2020 የሚሸፍነው፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁን። የከፍታ ልዩነት ካለ ለአማካይ ሙቀት በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ አስተካክሉ። ለሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት ግን ይህን ማስተካከያ አትጠቀሙ፤ ጸጥ ባለ ጥርት ያለ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆው ስለሚወርድ ከፍ ያለው ቦታ ይበልጥ ይሞቃል፣ ስሌቱም ስህተቱን ያባብሰዋል።

ቦታው ምን ያህል የባሕር፣ ምን ያህል የየብስ ጠባይ እንዳለው በአንድ ቁጥር ለማየት የኮንራድ ቀመር ይበቃል፦

ክ = 1.7 × ል ÷ ሳይን(ኬ + 10) − 14

«ክ» የምንፈልገው ቁጥር ነው፤ ከፍ ባለ መጠን ቦታው ወደ የብስ ጠባይ ያደላል። «ል» ከሁሉ የሚሞቀው ወር አማካይ ከሁሉ የሚበርደው ወር አማካይ ሲቀነስበት የሚገኘው ልዩነት ነው፤ «ኬ» ኬክሮሱ በዲግሪ። ቀመሩ የተስተካከለው በአትላንቲክ መሃል ያለችው ቶርስሃቭን 0 አካባቢ፣ በሳይቤሪያ ያለችው ቬርኮያንስክ 100 አካባቢ እንዲያገኙ ተደርጎ ነው።

ቫንኩቨር ልዩነቷ 14 ዲግሪ፣ ኬክሮሷ 49.2 ነው፤ 1.7 × 14 = 23.8፣ ለ0.859 ሲካፈል 27.7፣ 14 ሲቀነስ 14 ገደማ። በዚያው ኬክሮስ አካባቢ ከውቅያኖስ ርቃ ያለችው ዊኒፔግ ልዩነቷ 36 ስለሆነ 57 ገደማ ይመጣል። አሁን ቭላዲቮስቶክን አስሉ፦ ልዩነት 32፣ ኬክሮስ 43.1፤ ውጤቱ 54። የወደብ ከተማ ናት፣ ቁጥሯ ግን የመሃል የብስ ነው። ቦታችሁ ባሕር ዳር ሆኖ ከ40 በላይ ካገኛችሁ ስሌቱን ከመጠራጠራችሁ በፊት ወደ ነፋሱ ቆጠራ ተመለሱ።

ካልኩሌተሩ ሳይንን በዲግሪ እንጂ በራዲያን እንዳያሰላ አረጋግጡ። ቀመሩ ለምድር ወገብ አካባቢም አይጠቅምም፤ እዚያ በወራት መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ትንሽ ነው።

በሁለት ቴርሞሜትር መለካት

የጣቢያ መዝገብ ስለ ወሩ እንጂ ስለ ቤታችሁ ወይም ስለ ማሳችሁ አይናገርም። ለዚያ ራስን ችሎ መለካት ያስፈልጋል። በየ10 ደቂቃው የሚመዘግቡ፣ 0.1 ዲግሪ የሚለዩ ሁለት ዲጂታል መመዝገቢያዎች ይበቃሉ፤ የሁለቱ ሞዴል አንድ ይሁን።

መጀመሪያ እርስ በርስ አስተያዩአቸው። ጎን ለጎን በጥላ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቀን አስቀምጡና የማያቋርጥ ልዩነት ካሳዩ ጻፉት፤ ኋላ ከውጤቱ ይቀነሳል። ዜሮውን ለማጣራት ውሃ የማያስገባውን የመለኪያ ጫፍ በተፈጨ በረዶና በጥቂት ንጹሕ ውሃ ድብልቅ ውስጥ ከትታችሁ እያማሰላችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ 0.0 ማንበብ አለበት። በረዶው ጨው የነካው እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ጨው የገባበት በረዶ ከዜሮ ብዙ ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ደህናውን መሣሪያ ጥፋተኛ ያደርገዋል።

አንዱን ዳርቻው አጠገብ፣ ሌላውን ማወቅ በምትፈልጉት ቦታ ትከሉ። ሁለቱም ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ፣ ነፋስ በሚያስገባ ነጭ ባለ ብዙ ድርብ መከለያ ውስጥ፣ ሣር ወይም የተፈጥሮ መሬት ላይ ይሁኑ። ከሕንጻ ቢያንስ የሕንጻውን ቁመት እጥፍ፣ ቢቻል አራት እጥፍ ይራቁ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቴርሞሜትር ሌሊቱን ሙሉ የግድግዳውን ሙቀት ያነባል፤ የባሕር የመሰለው 2 ዲግሪ የቤት ማሞቂያ ሆኖ ይገኛል። አንዱ ከተማ ውስጥ ሌላው ገጠር ከሆነም የለካችሁት ባሕሩን ሳይሆን ከተማውን ነው።

ዳርቻው ላይ ጨው ዋና ጠላት ነው። የሞገዱ ርጭት መለኪያው ላይ ደርቆ ጨው ሲለጥፍበት፣ ጨው እርጥበት ስለሚስብ ጫፉ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ያ እርጥበት ሲተን መለኪያው ከአየሩ በታች ያነባል። በየሁለት ሳምንቱ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት። ተራ የአልካላይን ባትሪም በብርድ ይደክማል፤ ሊቲየም ይሻላል።

መዝገቡን በሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት ላይ መሥርቱ። ቀን ቀን ልዩነቱ ያንሳል፣ የፀሐይ ስህተትም ይገባበታል። እያንዳንዱን ሌሊት ከሦስት ወገን በአንዱ መድቡ፦ የባሕር ነፋስ ያለበት፣ የየብስ ነፋስ ያለበት፣ ጥርት ያለና ጸጥ ያለ። ደመናማና ጸጥ ያለ ሌሊት አራተኛ ወገን ሊሆን ይችላል፤ ደመና ራሱ ከመሬት የሚወጣውን ጨረር ስለሚመልስ በዚያ ሌሊት ሁለቱ ቦታዎች ይቀራረባሉ። በየወገኑ ቢያንስ 10 ሌሊት እስኪሞላ አትደምድሙ፤ አማካይ ከመውሰድም ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደርድሮ መካከለኛውን መውሰድ ይሻላል፤ አንድ ያልተለመደ ሌሊት አያዛባውም።

ውጤቱን ሥራ ላይ ማዋል

ለምሳሌ ያህል፣ የዳርቻው ብልጫ በባሕር ነፋስ 2 ዲግሪ፣ በጥርትና ጸጥታ 5፣ በየብስ ነፋስ 0.5 ሆኖ ተገኘ እንበል። ትንበያው ለመሃል አገር ጣቢያው ከዜሮ በታች 3 ቢል፣ ጸጥ ባለ ሌሊት ዳርቻው 2 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ የየብስ ነፋስ ከነፈሰ ግን ከዜሮ በታች 2.5። ሰዎች ባሕሩን ተማምነው ተክላቸው በውርጭ የሚመታባቸው በሁለተኛው ዓይነት ሌሊት ነው።

ጸጥ ያለው ሌሊትም ወጥመድ አለው። ፀሐይ ከገባች ከጥቂት ሰዓት በኋላ የበረደው የየብስ አየር በሸለቆና በወንዝ መውረጃ በኩል ወደ ባሕሩ መፍሰስ ይጀምራል። የወንዝ አፍ ላይ ያለ ቦታ ከውሃው 200 ሜትር ርቆም ይህን ቀዝቃዛ ፍሰት ይቀበላል፤ አጠገቡ ያለው ኮረብታ ወገብ ግን ይተርፋል። ደግሞም 1.5 ሜትር ላይ 2 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር ሥር ሣሩ ውርጭ ሊይዘው ይችላል፤ ጥርት ባለ ሌሊት የመሬቱ ገጽ ከላዩ ካለው አየር ብዙ ዲግሪ ይበርዳል። ችግኝ ወይም የመንገድ ማንሸራተት የሚያሳስባችሁ ከሆነ ሦስተኛ መለኪያ ሣሩ ጫፍ ላይ አስቀምጡ።

ዝናብ ወይስ አመዳይ የሚለው ጥያቄም በነፋሱ ይወሰናል። ከባሕር ሲነፍስ ዳርቻው ላይ ዝናብ የሆነው ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ሲባል አመዳይ ይሆናል፤ ዝናቡ እየጣለ ሳለ ነፋሱ ዞሮ ከየብስ መንፈስ ከጀመረ ወሰኑ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ እስከ ውሃው ጫፍ ሊወርድ ይችላል። መንገደኛ የሙቀቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የነፋሱ አቅጣጫ የሚዞርበትን ሰዓት ከትንበያው ይፈልግ።

የሰው ገላ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው። ዳርቻው በአብዛኛው ነፋሻ ስለሆነ ቴርሞሜትሩ የሰጠውን ነፋሱ ይወስደዋል። ካናዳና አሜሪካ ከ2001 ጀምሮ በሚሠሩበት የነፋስ ብርድ ቀመር፣ 2 ዲግሪ ሙቀትና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነፋስ ያለበት ዳርቻ እንደ 5 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ይሰማል፤ 2 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነበት መሃል አገር ግን እንደ 4 ከዜሮ በታች። ለልብስ የነፋሱን ብርድ ተመልከቱ፤ ለውሃ ቧንቧና ለተክል ግን ቴርሞሜትሩን፣ ምክንያቱም ነፋስ ቧንቧን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል እንጂ ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርደውም።